የጎተራው የመጨረሻ በር

ሳጅን ከዲሮ በሃያ ስድስት ዓመት የፖሊስነት ዘመኑ ሬሳ አይቶ ሸሽቶ አያውቅም። በዚያ ሐሙስ ቀትር ግን፣ የሐምሌው ዝናብ ካባራ ገና አንድ ሰዓት ሳይሞላው፣ ከአቶ ገብረ መድህን ጓሮ ካለው የድሮ የስንዴ መጋዘን በሩጫ ወጥቶ ከአጥሩ ሥር ቆመ። ስልኩን አውጥቶ ደወለ።

«ኢንስፔክተር፣ ቶሎ ይድረሱ።»

«ሰውየው ሞቷል?»

«ሞቷል።»

«ታዲያ ምን ያንቀጠቅጥሃል?»

«ሴትዮዋ ታወራለች።»

«የቷ ሴትዮ?»

«ከሁለት ዓመት በፊት የቀበርናት!»

ኢንስፔክተር ሀሊሜ ጉቱ ሳቅ ሊያመልጣት ነበር፤ የከዲሮን ትንፋሽ ስትሰማ ተወችው። የአርባ አራት ዓመት ሴት ናት፤ አጭር፣ ቀጭን፣ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ የምታስር፣ ሰው ሲያወራ ከአፉ ይልቅ እጁን የምታይ። የአሰላ ሌቦች «ሀሊሜ ስትቆጣ ሳይሆን ዝም ስትል ፍራ» ይባባላሉ ይባላል። ሌባ ደግሞ እንዲህ ባለው ነገር አይሳሳትም።

ከጭላሎ ተራራ የወረደው ጉም ግቢውን ሞልቶት ስለነበር መጋዘኑን ያየችው አፍንጫው ሥር ስትደርስ ነው። ከድንጋይና ከጭቃ የተሠራ፣ አንድ ጠባብ በር ያለው ቤት ነው። መስኮት የለውም፤ በጀርባው ግድግዳ ላይ ከሰው ቁመት ከፍ ብላ አንዲት የንፋስ መውጫ ቀዳዳ ብቻ አለችው። ሟቹ ነህምያ፣ የአቶ ገብረ መድህን ልጅ፣ ከጠረጴዛው ላይ ግንባሩን ደፍቶ እንደ ተኛ ሰው ነበር። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው። ከእግሩ አጠገብ አመድ ብቻ የቀረው ማንደጃ አለ። የጆሮ ማዳመጫው ከራሱ ወልቆ ጎኑ ተቀምጧል። ኮምፒውተሩ እንደበራ ነው፤ ገጹ ላይ የተዘጋ አረንጓዴ የእንጨት በር ይታያል።

«አትፍራ ልጄ» አለ አንድ የሴት ድምፅ ከኮምፒውተሩ። «እኔ እዚሁ ነኝ። በሩን ክፈት።»

ከዲሮ ደጃፉ ላይ ሆኖ በሹክሹክታ መጸለይ ጀመረ። እውነቱን ለመናገር ሀሊሜም ፈርታለች። ድምፁን ታውቀዋለች፤ አገር ሙሉ ያውቀዋል። ግን ከሟች ራስ አንድ ክንድ ርቆ ሲሰማ ሌላ ነገር ነው።

በአሰላ «ጎተራ»ን የማያውቅ ወጣት ከተገኘ ወይ ትናንት የመጣ ነው ወይ ይዋሻል። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ነህምያ፣ እህቱ መቅደላዊትና ጓደኛው የኋላሸት በዚሁ መጋዘን የሠሩት የኮምፒውተር ጨዋታ ነው። ተጫዋቹ ማለቂያ በሌለው ጎተራ ውስጥ ራሱን ያገኘዋል። የራሱን ፊት አያይም፤ በገጹ ላይ ያለው ዓይኑ የሚያየው ብቻ ነው። በገመድ፣ በሚዛንና በመስተዋት እንቆቅልሽ እየፈታ ከክፍል ወደ ክፍል ይሻገራል። ግራ ሲገባው አንዲት አረጋዊት አስተማሪ ትመራዋለች፣ ታሾፍበታለች፣ ታጽናናዋለች። ድምፁን የሰጡት የነህምያ እናት ወይዘሮ ተሻለች ነበሩ፤ በእውነትም ጡረታ የወጡ አስተማሪ። «አትቸኩል ልጄ፣ በሩ የትም አይሄድም» የሚለው ንግግራቸው ከአሰላ እስከ በቆጂ በባጃጅ ጀርባ ተለጥፎ ይሄዳል፤ ፈተና የሚገባ ተማሪም፣ ሙሽራ የሚጠብቅ ሚዜም ይለዋል። ሁለተኛው ጎተራ ከወጣ ስድስት ዓመት ሆነው። ሦስተኛውና የመጨረሻው ሲጠበቅ ወይዘሮ ተሻለች ታመው አረፉ።

ሀሊሜ ቀና ብላ የንፋስ መውጫዋን አየች። በጆንያ ተደፍናለች።

«የከሰል ጭስ ነው የገደለው» አለ ከዲሮ። «ብርዱን ፈርቶ ቀዳዳዋን ደፈነ፣ አለቀ። ከሰሉን ያስገባችው ተከራይዋ ልጅ ናት። ጎረቤቱ ሁሉ እሷን ነው የሚለው።»

ሀሊሜ ወንበር አምጥታ ወጣችና ጆንያውን ቀስ አድርጋ ሳበችው። ወደ ክፍሉ የዞረው ጫፉ ርጥብ ነበር፤ ጨመቅ ስታደርገው ውሃ ጠብ አለ። ወደ ውጭ የዞረው ጫፍ ደረቅ ነው። በርጥቡ ላይ አንድ የሳማ ቅጠል ተለጥፏል። ወደ ጓሮ ዞራ ስታይ ከቀዳዳዋ ሥር ሳማው ተረግጦ ተኝቷል፤ አጠገቡም አንድ አሮጌ የትራክተር ጎማ ለመቆሚያ እንዲመች ሆኖ ተጠግቷል። ዝናቡ የሰው ዱካ አላስቀረም።

«ከዲሮ፣ ዝናቡ መቼ አባራ?»

«አምስት ሰዓት ተኩል ላይ።»

ሀሊሜ ዝም አለች። ከዲሮ ይሄኔ ነው ከሴትዮዋ ድምፅ የበለጠ የፈራው።

ተከራይዋ ነቢላ የሃያ አንድ ዓመት ልጅ ናት። ከአቦምሳ ቆላ መጥታ በዚያው ግቢ አንዲት ክፍል ውስጥ እየኖረች ኮሌጅ ትማራለች፤ ጠዋት ጠዋት የቤቱን እሳት የምታያይዘውም እሷ ነች። ሀሊሜ ፖሊስ ጣቢያ ስታገኛት ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ግድግዳ ግድግዳውን ታይ ነበር።

«ማል ታቴ፣ ኢንተላ ኮ? ምን ሆንሽ ልጄ?» አለቻት ሀሊሜ።

«እኔ ነኝ የገደልኩት።»

«እንዴት አድርገሽ?»

«ከሰሉን እኔ ነኝ ያስገባሁለት። ሦስት ሰዓት ላይ።»

«ጭስ ነበረው?»

«ወላሂ አልነበረውም! ታዛው ሥር አቀጣጥዬ፣ ፍሙ ነጭ አመድ እስኪለብስ ጠብቄ ነው የማስገባው። ሁለት ክረምት ሙሉ አንድ ቀን ራሱን አሞት አያውቅም።»

«ቀዳዳዋስ?»

«ክፍት ነበረች። ሁልጊዜ ቀና ብዬ አያታለሁ። ከዚያ ገበያ ሄድኩ፤ ስድስት ሰዓት አልፎ ስመለስ ማንደጃውን ላወጣ ገባሁ...» ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች። «ግን ሰው ሁሉ "የቆላ ልጅ ከሰል ምን ታውቃለች" ይላል። ምናልባት በደንብ አላየሁ ይሆን? አሁን ዓይኔንም አላምነው። እናቴ ብትሰማ...»

ሀሊሜ የልጅቷን እጅ ያዘች፤ በረዶ ነበር። ጉዳዩ በዚሁ ቢዘጋ ነቢላ በቸልተኝነት ሰው ገድላለች ተብላ ትታሰራለች። ከእስሩ የከፋው ግን ሌላ ነው፤ ልጅቷ ሳትገድል ገዳይ ነኝ እያለች ዕድሜዋን ልትጨርስ ነው።

«የማልሽው በአላህ ነው?»

«በአላህ።»

«እንግዲያው ዓይንሽን እመኚው። ቀሪውን ለእኔ ተዪው።»

በማግስቱ ከቀብር መልስ ሀሊሜ የኋላሸትን ቤቱ አገኘችው። የጨዋታዎቹን ውስጣዊ ሥራ የሠራው እሱ ነው። ዓይኑ ከለቅሶ ብዛት አብጧል፤ ከጠረጴዛው ላይ አንዲት ትንሽ መብራት ብልጭ ድርግም የምትል ጥቁር ሳጥን አለች።

«ረቡዕ ተጣልታችሁ ነበር ይባላል።»

«ተጣልተናል። ሐሙስ ማታ ሦስተኛውን ጎተራ ለሕዝብ ሊለቀው ነበር። የመጨረሻው በር ሲከፈት ድምፁ ተሰናብቶ ይጠፋል። ከሦስተኛው ብቻ አይደለም፤ ከተጫዋቹ ኮምፒውተር ላይ ከሦስቱም።»

«ለምን?»

«ራሷ እትዬ ተሻለች ናት እንዲህ ያዘዘችው። "ሙት ሲጠሩት አይውልም፤ ጨዋታው ሲያልቅ ልቀቁኝ" ብላዋለች። እኔ ደግሞ አራተኛ፣ አምስተኛ እንሥራ ባይ ነኝ። ዛሬ ድምፅን አስመስሎ አዲስ ንግግር መሥራት ይቻላል። "እናቴን አሻንጉሊት አታደርጋትም" ብሎ አባረረኝ።»

«ሐሙስ ረፋድ የት ነበርክ?»

«እዚሁ። ብቻዬን።» ይህን ሲል መዳፉ ጥቁሯን ሳጥን ሸፈናት። ሀሊሜ አየችው።

መቅደላዊትን ያገኘቻት ከለቅሶው ድንኳን ጀርባ ነው። የጎተራን ሥዕል ሁሉ የሣለችው እሷ ናት።

«ሐሙስ ረፋድ ወፍጮ ቤት ነበርኩ» አለች።

«የሰፈራችሁ ወፍጮ ከረቡዕ ጀምሮ ተበላሽቶ ቆሟል።»

መቅደላዊት ራሷን ደፋች። «እማዬ መቃብር ነበርኩ። አባባ አትመላለሽ ብሎ ከልክሎኛል። ድምፅዋ የሚጠፋበት ቀን ስለነበር... ልነግራት ነው የሄድኩት።»

«የመጨረሻውን ስንብት ሰምተሽዋል?»

«ከነህምያ በቀር ማንም አልሰማውም። ሆስፒታል ተኝታ ነው የቀዳት። "እንደ ማንኛውም ተጫዋች በሩን ከፍታችሁ ትሰሙታላችሁ" ይለን ነበር።»

«አባታችሁስ አልሰማውም?»

«አባባ ምን ያደርግለታል? ኮምፒውተር ነክቶ አያውቅም።» ዓይኗን ጠረገች። «ደግሞ ነህምያ እየሞከረ ሳለ ማን ይገባበታል? አንዴ በሩን ከዘጋና ማዳመጫውን ካደረገ ቤቱ ቢቃጠል አይወጣም። ከመጀመሪያው ክፍል እስከ መጨረሻው ሳይነሳ ነው የሚፈትሸው። ያየውም ሁሉ በራሱ እየተቀዳ የኋላሸት ጋ ይደርሳል፤ ስህተት ለመልቀም እንዲመች።»

ሀሊሜ ጥቁሯን ሳጥን አስታወሰች። ከዚያ በፊት ግን አባትየው ቀሯት።

አቶ ገብረ መድህን ስልሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፤ ጋቢያቸውን ተከናንበው አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል። ልጁን በቀበረበት ቀን ሰውን መመርመር ያሳፍራል፤ ሀሊሜም አፍራ ነው የተቀመጠችው። ግድግዳው ላይ አንድ ፎቶ አለ። ጎልማሳው ገብረ መድህን በትልቅ ቀይ ኮምባይነር ላይ ተቀምጠው፣ ከኋላቸው የስንዴ ማሳ።

«እኔም የገበሬ ልጅ ነኝ ጋሼ። ኮምባይነር ሲመጣ ከኋላው እንሮጥ ነበር» አለች።

የሽማግሌው ፊት ጥቂት ፈታ አለ። «ሠላሳ አንድ ዓመት ነዳሁት፤ ከዚህ እስከ ጎበሳ ያላጨድኩት ማሳ የለም። ዘንጉን ወደ ፊት ስትገፊው ማጨጃው ይወርዳል፤ ወደ ራስሽ ስትስቢው ይነሳል። ዓይን አያስፈልገውም፤ እጅ ያውቀዋል።» መዳፋቸው በአየር ላይ ወደ ፊት ሄዳ ወደ ኋላ ተመለሰች።

«ሐሙስ ረፋድስ?»

«ብርዱ አሞኝ ተኝቼ ነበር። ልጅቷ ስትጮህ ነው የነቃሁት።»

«ነህምያ ጨዋታውን አሳይቶዎት ያውቃል?»

«እኔ ልጄ፣ ስልክ እንኳ በቅጡ አልደውልም።»

ሀሊሜ ክፍሉን ቃኘች። የወይዘሮ ተሻለች መጻሕፍት፣ መነጽር፣ የእጅ ቦርሳ፤ ሁሉም ሁለት ዓመት ማንም ያልነካቸው፣ አቧራ የጠጡ ናቸው። ጥግ ባለችው ጠረጴዛ ላይ ግን በጥልፍ ጨርቅ የተሸፈነ አሮጌ ኮምፒውተር አለ፤ ጨርቁ ንጹሕ ነው። ከጎኑ ያለው የጠረጴዛ ላስቲክ በአንድ ቦታ ላይ፣ መዳፍ በምታህል ስፋት፣ አበባው ጠፍቶ ነጭ ሆኗል። ተሰናብታ ስትወጣ ያሰበችው ነገር ውሸት እንዲሆን ተመኘች።

የኋላሸት ሳጥኗን ለመስጠት ብዙም አልተከራከረም። «ፈርቼ ነው» አለ። «ቅጂው እኔ ጋ ነው፤ ጠበኛውም እኔ ነኝ። አይቼዋለሁ ኢንስፔክተር። ካየሁት ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።»

ቅጂው ማንንም አያሳይም፤ የሚያሳየው ሟቹ ሲጫወት ያየውን ነው። ዓይኑ ፈጠን ፈጠን እያለ ከክፍል ወደ ክፍል ያልፋል። አራት ሰዓት ሲሆን መዘግየት ጀመረ። ግድግዳ ይጋጫል፣ ይመለሳል። «ደከመህ እንዴ ልጄ?» አለች ድምፅዋ። አራት ሰዓት ከሃያ ላይ ዓይኑ ወደ አንድ የድንጋይ ግድግዳ ዞሮ ቆመ። ከዚያ አልተንቀሳቀሰም። «እየጠበቅሁህ ነው» አለች። ትንሽ ቆይታ ደገመች። ሀሊሜ ያንን ግድግዳ ስታይ ሰው ሲሞት በራሱ ዓይን እያየች መሆኑ ገባት።

አምስት ሰዓት ከአምስት ላይ ዓይኑ ተንቀሳቀሰ።

«ቢስሚላህ!» ከዲሮ ከወንበሩ ተነሳ። «ሞቶ ነው የሚጫወተው!»

«ተቀመጥ። ሌላ ሰው ነው።»

አዲሱ ዓይን በዝግታ፣ ግን ሳይሳሳት፣ የቀሩትን ሁለት ክፍሎች ፈታ። አንድ ነገር ብቻ ነበረበት። ወለሉን ማየት በፈለገ ቁጥር በቅድሚያ ጣሪያውን ያያል፤ ከዚያ ደንገጥ ብሎ ወደ ታች ይመለሳል። አንዴም አይደለም ሁለቴ፤ አሥራ አራት ጊዜ። መጨረሻ ላይ ከአረንጓዴው በር ፊት ደረሰ። ሃያ ደቂቃ ሙሉ ቆመ፤ አልከፈተውም።

ቅዳሜ ረፋድ ሀሊሜ አራቱን መጋዘኑ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ጉሙ እየገባ ይወጣል። ነቢላ የከዲሮን እጅጌ ይዛ ቆማለች።

«መጀመሪያ ስለ ጆንያው» አለች ሀሊሜ። «ነህምያ ከውስጥ ደፍኖት ቢሆን ዝናብ የሚመታው የውጪ ጫፉ ነበር። እኔ ያገኘሁት ርጥቡ ጫፍ ወደ ውስጥ ዞሮ፣ የጓሮ ሳማም ተለጥፎበት ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ጎማው ላይ ቆሞ ከውጭ ደፈነው፤ ዝናቡ ሲመታው ቆየ። ኋላ ነቅሎ አመጣውና ሟቹ የደፈነው እንዲመስል ከውስጥ ወተፈው። ሲወትፈው ግን ጫፉ ዞረበት።»

«ከሰሉስ?» አለች መቅደላዊት።

«ከሰሉ ሁለት ክረምት ማንንም ያልገደለ ከሰል ነው። የገደለው ቀዳዳዋ መደፈኗ ነው። የደፈነው ሰው ነህምያ ማዳመጫውን አድርጎ፣ በሩን ዘግቶ፣ ጨዋታውን ሳይጨርስ እንደማይነሳ ያውቃል። ከዚያ ገባ። ማዳመጫውን ከሟቹ ራስ አወለቀ፤ ድምፁ በኮምፒውተሩ መሰማት የጀመረው ስለዚህ ነው። ተቀምጦም ተጫወተ። አሁን እያንዳንዳችሁ ትጫወታላችሁ። የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ።»

መቅደላዊት ተቀመጠች። «ቁልፉ ከእግርህ ሥር ነው፤ ወደ ታች ተመልከት» አለች የእናቷ ድምፅ። እያለቀሰች ማውሱን ወደ ራሷ ሳበች፤ ወለሉ ታየ። የኋላሸትም እንዲሁ። ነቢላ ጨዋታ ነክታ አታውቅም፤ ገጹ ገመዱ እንደተፈታ ጥጃ ግራ ቀኝ ተቅበዘበዘባት፤ ቁልፉን ሳታገኘው ተነሳች።

«ጋሼ፣ ተራው የእርስዎ ነው።»

«እኔ አላውቅም ብያለሁ።»

«አይጠፋዎትም። ይቀመጡ።»

ሽማግሌው ተቀመጡ። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው አልነካም አሉ። የሚስታቸው ድምፅ ግን መጣ። «ወደ ታች ተመልከት» አለች። ጠበቀችና፣ እንደ ልማዷ ለስለስ አድርጋ፣ «አይዞህ፣ ተመልከት» አለች።

የገብረ መድህን እጅ ከጭናቸው ላይ ተነሳች። ማውሱን ያዘች። ሳታመነታ ወደ ፊት ገፋችው። ጣሪያው ታየ። ደንገጥ ብላ ወደ ኋላ ሳበችው፤ ወለሉ ታየ።

የኋላሸትና ከዲሮ ተያዩ፤ ያንን ጣሪያ በቅጂው አይተውታል።

«ጀማሪ እንደ ነቢላ ይጠፋበታል» አለች ሀሊሜ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እርስዎ አልጠፋዎትም። ሠላሳ አንድ ዓመት ማጨጃ ለማውረድ ወደ ፊት የገፋ እጅ ነው። በእትዬ ተሻለች ኮምፒውተር ላይ መሪውን እንደ ኮምባይነሩ ገልብጠውታል፤ ዛሬ ጠዋት ጨርቁን ገልጬ፣ አብርቼ አይቼዋለሁ። ሁለት ዓመት በየቀኑ ተጫውተዋል፤ የጠረጴዛው ላስቲክ እስኪነጣ። አዲሱ ጎተራ ግን መገልበጫ ገና አልተሠራለትም። ሐሙስ ዕለት አሥራ አራት ጊዜ ጣሪያ አዩ። በዚህ ጨዋታ የተጫዋቹ ፊት አይታይም ጋሼ፤ ያየው ግን ይታያል።»

«አባባ?» አለች መቅደላዊት።

አቶ ገብረ መድህን እጃቸውን እንደ ሌላ ሰው እጅ አዩት።

«ልገድለው አይደለም» አሉ። «እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፣ ልገድለው አይደለም። ከሰል ራስን ያማል። ሲያመው ወጥቶ ይተኛል፤ እኔ ገብቼ የምትለውን እሰማለሁ፣ ጨዋታውንም እንዳይለቀው እደብቀዋለሁ አልኩ። ለመንኩት እኮ! "አባባ፣ እማዬ ልቀቁኝ ብላለች" አለኝ። እኔን መቼ ልቀቀኝ አለችኝ? ዘወትር ጠዋት ነበር የማዋራት። "አትቸኩል" ስትለኝ ነበር የምነሳው።»

«ሲገቡስ?»

«ተኝቷል ብዬ ነው። ማዳመጫውን ሳወልቅ አንገቱ ወደቀ።» ኮምፒውተሩን በጣታቸው አመለከቱ። «እሷ "እየጠበቅሁህ ነው" ትላለች። ለእናቱ ልነግራት ተቀመጥኩ። ልጃችን ሞተ ልላት። በሩ ጋ ስደርስ ደግሞ ብከፍተው ትጠፋለች። ሁለቱንም በአንድ ቀን? አቃተኝ። ከዚያ ፍርሃት ያዘኝ፤ ጆንያውን አዞርኩ።»

«ይቺን ልጅ ሲወስዷትስ?» ሀሊሜ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋን ከፍ አደረገች። «ገደልኩ እያለች ስትጮህ መስኮትዎ ሥር ነበረች። ሰምተዋታል!»

ሽማግሌው ነቢላን ቀና ብለው ማየት አልቻሉም። «ሰምቻታለሁ» አሉ።

ነቢላ የከዲሮን እጅጌ ለቀቀች። «እኔ አይደለሁም?» አለች ገና ባላመነ ድምፅ።

«አንቺ አይደለሽም፣ ኢንተላ ኮ። ቀዳዳዋ ክፍት ነበረች። ዓይንሽ አልዋሸሽም።»

ልጅቷ እዚያው ወለሉ ላይ ተቀምጣ፣ ሦስት ቀን ያመቀችውን ለቅሶ ለቀቀችው። መቅደላዊት ከጎኗ ተንበርክካ አቀፈቻት፤ ማን ማንን እንደሚያጽናና አይታወቅም ነበር።

ከዲሮ የእጅ ካቴናውን አወጣ። ሀሊሜ በእጇ ከለከለችው። ወደ ኮምፒውተሩ ጎንበስ ብላ የኋላሸትን አንድ ነገር ጠየቀችው፤ ጥቂት ነካካና አረንጓዴው በር ገጹ ላይ መጣ።

«ጓደኛህ የሚለቀው ይሄን ነበር?» አለችው።

«ይሄንኑ» አለ የኋላሸት። «አሁን መቅደላዊት ናት የምትወስነው።»

መቅደላዊት እንባዋን ሳትጠርግ አባቷን አየች። «ክፈተው» አለችው። «ወንድሜ የሞተበት ነው። ሰምተኸው ሂድ።»

የአዛውንቱ ጣት ማውሱን ተጫነች። በሩ ተከፈተ። ከበሩ ማዶ በመቅደላዊት እጅ የተሣለ፣ ለአጨዳ የደረሰ የገብስ ማሳ ነበር።

«ጎበዝ» አለች ድምፅዋ፤ ከሌላ ጊዜው የደከመች ናት። «ይኸው ደረስክ ልጄ። ከዚህ ወዲያ እኔ የለሁም፤ መንገዱን ራስህ ታውቀዋለህ።» ሳል ተሰማ። ከዚያ፣ ለተጫዋች ሳይሆን ለቤት ሰው በሚነገርበት ቃና ቀጠለች። «ነህምያ፣ ይሄን ደግሞ ለአባትህ አሰማው። ገብሬ፣ ይሄ ልጅ ሥራ ከያዘ ራሱን ይረሳል። በሩን ዘግቶ ሲቀመጥ እየሄድኩ የምከፍትለት እኔ ነበርኩ። ከእንግዲህ አንተ ክፈትለት። አደራህን።»

ገጹ ጠቆረ። ውጭ፣ ድንኳኑ ውስጥ፣ የለቀስተኞች ድምፅ ከሩቅ ይሰማል።

አቶ ገብረ መድህን አልተነሱም። ማውሱን ወደ ፊት ገፉት፣ ወደ ኋላ ሳቡት፤ ምንም አልታየም።

«አንድ ጊዜ ብቻ ድገሙልኝ» አሉ።

የኋላሸት ራሱን ነቀነቀ። «አይደገምም ጋሼ» አለ። «ጠፍቷል። እርስዎ ቤት ካለውም ጠፍቷል፤ ሁለቱ የተገናኙ ናቸው።»

ሀሊሜ ጋቢያቸውን ከወንበሩ አንስታ ትከሻቸው ላይ አደረገችላቸው። ከዚያ ክንዳቸውን ይዛ፣ ደረጃው ላይ እንዳያዳልጣቸው እየተጠነቀቀች፣ ወደ ጉሙ ይዛቸው ወጣች።